ዳገት ላይ የምታመነታው መኪናችን

የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም። ጎማ ሲነድ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ፍሬን ሲግል አፍንጫ ይሰረስራል፤ የካምቢዮ ዘይት ግን መጀመሪያ ጣፋጭ መስሎ ይመጣና ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይመራል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከመስቃን ወደ ወልቂጤ ስንመለስ የዘቢዳርን ዳገት ከግማሽ በላይ እንደወጣን ይህ ሽታ በመስኮት ገባ። ነዳጅ ረገጥኩ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልሄደችም። ያለ ኃይል ቀጥ ብላ ቆየች። ከኋላችን ድንች እስከ አፉ የጫነ መኪና ጡሩንባውን ለቀቀው። ባለቤቴ ዘበርጋ በደህናው እጁ ከፊቱ ያለውን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ። ከዚያ ከኋላዋ በእርግጫ እንደተመታች ሁሉ በድንገት ተወርውራ ሄደች።

እንደምንም ጥግ ይዤ አቆምኩ። ዘበርጋ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ድንች የጫነው ሹፌር ሲያልፈን በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ የሆነ ነገር ብሎኝ ሄደ፤ ምን እንዳለኝ አልሰማሁም፤ ባልሰማም ይሻላል። ያን ጊዜ ነው ሽታው እንደ አዲስ የመጣብኝ። ወጣት ሆኜ አንድ ጊዜ ብቻ ያሸተትኩት ሽታ ነው፤ ቡታጅራ፣ ጋሽ ኑርጋ ጋራዥ ውስጥ።

ያ ጋራዥ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ የጋሪ ፈረሶች ውሃ ከሚጠጡበት ገንዳ ማዶ ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት ቡታጅራ ነው፤ ስለዚህ ስሜ ይርገዱ ቢሆንም ክትፎ ሲከተፍ በድምፁ ብቻ ስንት ሰው እንግዳ እንዳለ አውቃለሁ። ሴት ልጅ ወንድ የሚሠራውን ሁሉ ትችላለች ተብሎ በየግድግዳው የሚጻፍበት ጊዜ ነበር። ጽሑፉን ሁሉም ያነበዋል፤ የሚያምነው ጥቂት ነው። እኔ አመንኩ። አዲስ አበባ ሄጄ መካኒክነት ተምሬ ስመለስ አንድ የልማት ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ተመደብኩ። የተሰጠኝ ሰማያዊ ቱታ እኔን ሁለት ጊዜ ይጠቀልል ነበር። በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፣ «ወገቡን ላጥብበው?» አለኝ። «ወገቡን ተወው፤ እጅጌውን ቁረጠው። ቺንጊያው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ይዞ ከሞተር ጋር እንዳያሽከረክረኝ» አልኩት። ሰፊው ሳቀ፣ በበረንዳው ያለፈ ሁሉ ሳቀ፤ እጅጌው ግን ተቆረጠ።

እሑድ እሑድ ደግሞ ሌላ ሰው ነበርኩ። ጸጉሬን ጎፈሬ አበጥሬ፣ ከታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋውን ቤልቦተም ሱሪዬን ለብሼ ስወጣ የቡታጅራን አቧራ የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ ያኔ የአሁኑ አስፋልት ወዴት ነበርና! ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነው፤ ፓስቲ ከተጨመረ ስሙኒ ይበቃል። ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የጉራጌኛውን ጭብጨባ ሲለቀው የጋሪው ፈረስ እንኳ እርምጃውን የሚያስተካክል ይመስለን ነበር። በበርበሬ ወራት ከቆሼ ከተማ በኩል ጭነቱ ሲገባ ከታች ሰፈር እስከ ላይ ሰፈር ሰው በየተራ ያስነጥሳል፤ «ይማርሽ»፣ «ይማርህ» እየተባባልን ነው መንገድ የምንሻገረው። ዛሬም ቡታጅራ ስገባ በርበሬው አለ፣ ጋሪውም አለ። ልጃገረዶቹ ግን ስልካቸውን እያዩ ነው የሚያስነጥሱት፤ ይማርሽ የሚል የለም።

አለቃችን ጋሽ ኑርጋ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ አማርኛውን በጉራጌኛ ዜማ የሚናገር ሰው ነበር። የታመመ መኪና ሲገባ ኮፈን ለመክፈት አይጣደፍም። ሹፌሩን በርጩማ ላይ ያስቀምጠውና መጠየቅ ይጀምራል። «ምን ሆነ አትበለኝ፤ መቼ ሆነ በለኝ። ጠዋት ነው ሲሞቅ? ባዶህን ስትሄድ ነው ስትጭን? በፊት ነበረበት ወይስ ከሆነ ነገር ወዲህ ነው የመጣው?» እኛ ወጣቶቹ ቁልፍ ይዘን ስንቁነጠነጥ፣ «እጃችሁን ሰብስቡ! የፈታችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ልታስሩት ነው» ይለናል። አንድ ቀን የአንድ የውጭ አገር አማካሪ መኪና ተጎትታ ገባች። ማርሹን ራሷ የምትቀይር መኪና ስናይ የመጀመሪያችን ነው። ያ ሽታ ያን ቀን ነው ጋራዡን የሞላው። ጋሽ ኑርጋ ዞሮ አያት፤ «ይህችን አላውቃትም፤ አዲስ አበባ ትሂድ» ብሎ መለሳት። አላውቅም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አላፈረበትም።

ዘበርጋንም ያገኘሁት እዚያው ነው። የመስቃን ልጅ ነው፤ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ በመንግሥት ሞተር ሳይክል ገጠር ለገጠር ይዞር ነበር። ሞተር ሳይክሉ ያስለዋል እያለ በየሳምንቱ ይመጣል። እኔ ካርቡራተሩን ፈትቼ አጥቤ እመልሳለሁ፤ እሱ ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ጋሽ ኑርጋ እሱን በርጩማው ላይ አስቀመጠና እንደ ልማዱ ጠየቀው፤ «መቼ መቼ ነው የሚያስለው?» ዘበርጋ ተንተባተበ። ጋሽ ኑርጋ ወደኔ ዞሮ፣ «ሞተሩ ደህና ነው። የታመመው ነጂው ነው» አለ። እንዲህ ነው የተጋባነው።

ዘመን ተለወጠ፣ ድርጅቱ ሄደ፣ ጋራዡም ተዘጋ። ወልቂጤ ቢሮ ተቀጥሬ እስከ ጡረታዬ ድረስ ወረቀት ሳገላብጥ ኖርኩ። መኪናችንን፣ ይህችን ማርሽ ራሷ የምትቀይር ከፍ ያለች የጃፓን መኪና፣ ልጆቹ ሳይበተኑ ነው የገዛናት። ሁላችንንም፣ ከመስቃን የሚመጣውን ቆጮና ድንች ጭምር ተሸክማ ስንት ክረምት አሳልፋለች። ዘበርጋን ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘውና ንግግሩ ከከበደው ወዲህ ደግሞ እግሩ እሷ ናት። ቡታጅራ ሐኪሙ እጅና እግሩን ያሠራዋል፤ ከዚያ የአባቱ ግቢ መስቃን ገብተን እንውላለን። ወልቂጤ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው፣ እንሰቱን ሲያይ በምርኩዙ ይነሳል። እዚያ ቃል እንኳ ቶሎ ይመጣለታል። ይህን በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪምም አልነገረኝም።

ዳገቱ ላይ የሆነውን ለልጄ ለህሊና በስልክ ነገርኳት። መናገር አልነበረብኝም ይሆናል፤ ግን ዋሽቼያት አላውቅም። ህሊና አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ የምታስብልን ልጅ ናት፣ ስታስብ ደግሞ ትወስናለች።

«እማዬ፣ በቃ። መኪናዋ ትሸጥ። አዲስ አበባ ሐኪሙም ቅርብ ነው፣ እኛም አለን። ለመስቀል ስመጣ ገዢ አመጣለሁ።»

«አባትሽ አዲስ አበባ ምን ያያል?»

«እኛን ያያል! እማዬ፣ ገደል ብትገቡስ? እኔ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም እኮ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እውነቷን ነው፤ የምታመነታ መኪና ዳገት ላይ ሰው ትገድላለች። «ለመስቀል ነይ» አልኳት። «ገዢሽንም አምጪ። እስከዚያ ካልተሠራች በእጄ እፈርማለሁ።» ስልኩን ስዘጋ ዘበርጋ እያየኝ ነበር። «ትሠራለች» አልኩት። በልቤ ግን ካምቢዮው አልቆ ከሆነስ እያልኩ ነበር።

በማግስቱ ሙባረክ ጋ ወሰድኳት። ሙባረክ ወልቂጤ ባጃጆች ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ ጋራዥ ያለው፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ማዘር ነው የሚለኝ፤ አንቺ ነው የሚለኝ፤ እኔም እወድለታለሁ። መመርመሪያ መሣሪያውን ሰክቶ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። «ማዘር፣ መሣሪያው ምንም አይልም። መኪናዋም የድሮ ናት፤ ሁሉን አትናገርም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በእንደዚህ ዓይነት ካምቢዮ ብዙ አልሠራሁም። ብዙ ሰው አውርደህ ቀይር ነው የሚለው።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ መጀመሪያ ዘይቷን እንይ እላለሁ።»

ወደድኩት። ማውረድ የቀለለው ሰው አይደለም። እኔ የማውቀው ፍሪሲዮን እየረገጡ ማርሹን በእጅ የሚቀይሩበትን ካምቢዮ ነው፤ የዚህኛውን እሱ እያሳየኝ ተማርኩ። ለካ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ በግፊቱ ማርሾቹን አጥብቆ የሚይዘው ጡንቻ እሱ ነው። ግፊቱ ከጎደለ ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹ ግን ይንሸራተታል። ሞተሩ እየሠራ ለካነው፤ ጎድሏል። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡናማ ሆኗል። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያው ላይ ያልባል። ቱቦውን ቀየርን፣ ዘይት ሞላን፣ ከከተማው ወጥተን ሞከርናት። ሜዳ ላይ ደህና ሆነች፤ ዳገት ላይ ግን ያው ናት። ነዳጅ ስረግጥ ትጮኻለች፣ ታመነታለች፣ ከዚያ ትወረወራለች።

ሁለተኛው ሥራ ከሥር ያለውን የዘይት ሳህን ማውረድ ነበር። ይህን ፈራሁት። ሳህኑ ውስጥ የብረት ብጥስጣሽ ቢገኝ ነገሩ ያኔ ያልቅለታል፤ ህሊናም ታሸንፋለች። አሮጌ ጋቢ አንጥፌ መኪናዋ ሥር ልገባ ስል ሙባረክ ክንዴን ያዘኝ። «ማዘር፣ ተይ፣ እኔ እገባለሁ።»

«አብረን እንገባለን።»

ገባን። ወገቤ ጮኸ፤ ችላ አልኩት። ሳህኑን አውርዶ በውስጡ የብረት ብናኝ የምትሰበስበውን ማግኔት ሲሰጠኝ እንደ ሕፃን ተቀበልኳት። ላይዋ ላይ ግራጫ ጭቃ አለ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ አሸሁት፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ኩል። የሚወጋ የለውም። ሙባረክም አሸው። ሁለታችንም እዚያው በጀርባችን እንደተንጋለልን ተያየን። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ማርሹ አልተበላም።» ማጣሪያው ግን ተደፍኖ ነበር። ትክክለኛው ዘይትና ማጣሪያ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣልን። ስንጨርስ መኪናዋ ሜዳ ላይ እንደ ወጣትነቷ ሆነች። ደስ ብሎን ወደ ዳገቱ ወሰድናት። ግማሽ ስንደርስ ነዳጁን ጠበቅ አደረግኩት። ጮኸች። አመነታች።

ሙባረክ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ማዘር፣ ከዚህ በኋላ የቀረን ማውረድ ነው» አለኝ። ገንዘብ ሊበላኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፊቱ የተሸነፈ ሰው ፊት ነበር። መስቀል ደግሞ ደርሷል።

ቤት ገብቼ እጄን ስታጠብ ዘይቱ ከጥፍሬ ሥር አልለቅ አለኝ። ዘበርጋ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። እየፈተግኩ ለራሴ እንደማወራ አወራሁ፤ «ሲቀዘቅዝም ያው፣ ሲሞቅም ያው። ሜዳ ላይ ደህና፣ ዳገት ላይ እምቢ። ጋሽ ኑርጋ ቢኖር ምን ይል ነበር? መቼ ጀመረ ነበር የሚለው። ቀስ በቀስ ነው የመጣው፤ እኔ እንጃ መቼ እንደጀመረ!»

«ከ... አዲስ...» አለ ዘበርጋ።

ዞር አልኩ። «ምን አልክ?»

«ከአዲስ አበባ...» አፉ ቃሉን እየፈለገ ቆየ። እንደ ወትሮዬ ቃሉን ልቀማለት ስል ደህና እጁን አነሳና አስቆመኝ። ጠበቅኩት። «ከመጣች... ወዲህ።»

«ከዚያ በፊትስ? ዳገቱን?»

«ትወጣ... ነበር።»

እጄ አረፋ እንደያዘ ቁጭ አልኩ። መኪናዋን ጠየቅኩ፣ ሙባረክን ጠየቅኩ፣ የሞተውን ጋሽ ኑርጋን እንኳ ጠየቅኩ። ከጎኔ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ አብሮኝ የሚሄደውን ሰው ግን አልጠየቅኩትም። እኔ መንገድ ሳይ፣ መሪ ስይዝ፣ እሱ ማዳመጥ ብቻ ነው ሥራው። ጭንቅላቱን ሳምኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ኩራት ነው ብል አልዋሸሁም።

በበልግ ነው ህሊና መኪናዋን አዲስ አበባ የወሰደቻት። ሰርቪስ ላስደርግላችሁ ብላ፣ በራሷ ወጪ፣ አሳጥባ፣ አስፈትሻ መለሰችልን። ሞተሩ አየር የሚስብበት ጉሮሮ ተፈትቶ ታጥቧል ብላ ነግራኝ ነበር። በጠዋት ሙባረክ ጋ ስደርስ ጋራዡን ገና እየከፈተ ነው። «እንደምን አደርክ» ማለቱንም ረሳሁት። «በበልግ አዲስ አበባ የአየር ጉሮሮውን ያጠበው ሰው ሌላ ምን ነክቷል?» አልኩት። ኮፈኑን ከፈተ። ሁለታችንም አጎነበስን። ከነዳጁ ገመድ ጎን አንድ ሌላ ቀጭን ገመድ አለ፤ ወደ ታች፣ ወደ ካምቢዮው የሚወርድ። ሙባረክ በጣቱ ነካው፤ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ማሰሪያ ዳዶዎቹ ተፈትተው መልሰው አልጠበቁም።

«ያ አላህ!» ብሎ ግንባሩን መታ። «ዓይናችን ሥር! ማዘር፣ ነዳጅ ስትረግጪ ለካምቢዮው ‹ሸክም መጣ፣ አጥብቀህ ያዝ› የሚለው እኮ ይህ ነው። ከላላ አይሰማም። ሜዳ ላይ ብዙ ጉልበት ስለማይፈልግ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ግን ሳያጠብቅ ይይዛል፣ ይንሸራተታል።»

ነዳጁን እኔ እየረገጥኩ፣ እሱ ከላይ ገመዱን እያየ፣ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ!» እያለ አስተካከለው። ይህን ሥራ በጣት ጫፍ ነው የሠራነው። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ዳገቱ። ሙባረክ መስኮቱን ከፍቶ ጆሮውን ሰጠ። ነዳጁን ጠበቅ አደረግኩት፤ ሞተሩ ሳይጮኽ መኪናዋ ተነሳች። ጫፍ ላይ አዙሬ ወርጄ እንደገና ወጣሁ። እንደገናም። ሙባረክ ይስቃል፤ እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ ማልቀስ የጀመርኩት ከቆምኩ በኋላ ነው።

«ሙባረክ፣ ልጄ ይህን አትስማ» አልኩት ስንመለስ።

«ምኑን?»

«ገመዱ እንዴት እንደላላ። እሷ ደግ አስባ ነው ያሠራችው።»

ትንሽ አሰበና፣ «እኔ ያየሁት የተደፈነ ማጣሪያ ነው» አለኝ።

ህሊና ለመስቀል መጣች። ገዢው በማግስቱ ሊመጣ ተቀጣጥረዋል። ምንም አላልኳትም፤ «አባትሽን መስቃን እናድርሰው፤ ዘመድ እየጠበቀው ነው» አልኳት ብቻ። ከኋላ ተቀመጠች። ወልቂጤን ለቀን እስክንወጣ ስለ ሥራዋ ስታወራኝ ነበር፤ ዘቢዳር ፊት ለፊት ሲመጣ ወሬዋ አለቀ። አደይ አበባው መንገዱን ዳርና ዳር ይዞታል። አንድ ኮርቫ ስንዞር የበዓል ተሳፋሪ የሞላ አውቶቡስ ዳገቱ መሃል ቆሞ ሰው ያወርዳል። ቆምኩ። ከኋላችን ሌላ መኪና ተጠጋ። በመስታወቱ ህሊናን አየኋት፤ የፊተኛውን ወንበር ጨምድዳ ይዛለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኔም ፍሬኑን ለቅቄ ነዳጁን ረገጥኩ። መኪናዋ ሄደች። አልጮኸችም፣ አልተወረወረችም፤ እንዲሁ ሄደች። ዘበርጋ አንገቱን ሳያዞር ደህና እጁን ወደ ኋላ ሰደደና የህሊናን ጉልበት መታ መታ አደረገ።

መስቃን ግቢው በር ላይ ስደርስ ዘመዶች ወጡ። ዘበርጋ ለመውረድ በሩን ከፈተ። መኪናዋ ከፍ ያለች ናት፤ እግሩ መሬቱን ፈልጎ በአየር ላይ ቀረ፤ የወንድሙ ልጆች በብብቱ ገብተው እስኪያወርዱት ድረስ ህሊና ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመኪናዋን ጠርዝ በእጇ ለካች።

«እማዬ፣ ያ መካኒክሽ ብየዳ ይሠራል?»

«ጎረቤቱ ይሠራል። ምን ፈለግሽ?»

«እዚህ ጋ ዝቅ ያለ መርገጫ ይበየድለት። ሰፋ ይበል፤ ጭቃ ሲሆን እንዳያንሸራትተው ደግሞ ሸካራ ይሁን። በዓሉ ሲያልፍ ውሰጃት።»

ስልኳን አውጥታ ራቅ ብላ ቆመች። ለገዢው ነገ እንዳይለፋ ስትነግረው ሰማኋት። ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችው። ዘበርጋ ግን አልሰማም፤ በምርኩዙ ቀድሞን እንሰቱ መሃል ገብቶ ነበር።